ሰውየው ከጠፋባችሁ መሬቱን ተከተሉ፦ በቨርጂኒያ የቅኝ ግዛት ዘመን መዝገብ ዘር አቆጣጠር

ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለች «የቤተሰብሽን ዛፍ ሠርተሽ አምጪ» ተባለች። በእኔ በኩል ያለው በአንድ ስልክ አለቀ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆና እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችላት። መሃል ላይ «ይሄኛው እንኳ ዕድሜውን ሙሉ ከአጎቱ ልጅ ጋር በርስት ሲካሰስ የኖረ ነው» እያለች ታስቃት ነበር። በአባቷ በኩል ግን ወረቀቱ 1870 ላይ ድርቅ አለ።

ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የእናቱ ወገኖች የቨርጂኒያ ሰዎች ናቸው። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት ያለ ሰው በጌታው ስም ሥር በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም ነው የሚመዘገበው። ስሙ አይጻፍም። እነዚህ ሰዎች እንደማንኛውም ሰው በየስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። የዘር አጥኚዎች «የ1870 ግድግዳ» የሚሉት ይህን ነው።

እኔ ግድግዳውን ያለፍኩት በመሬትና በውርስ መዝገብ ነው። አራት ዓመት ፈጀብኝ። ግማሹ ዓመት የባከነው ባለማወቅ ስለሆነ፣ የእናንተ እንዳይባክን መንገዱን ልንገራችሁ። አማቾቻችሁ ነጭም ይሁኑ ጥቁር መዝገቡ አንድ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ለምን መሬት?

ቨርጂኒያ ልደትና ሞትን በክፍለ ግዛት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1853 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲሆን ብዙው ጠፍቷል። መሬት ግን ግብር አለበት፣ ክርክር አለበት፣ ዕዳ አለበት። ስለዚህ ይጻፋል። ሰው ሲወለድ ያልጻፈ መንግሥት ላም ስትወረስ ይጽፋል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ዘር የሚቆጥሩት ለጨዋታ አልነበረም። ርስት ለመጠየቅ ከአቅኒው አባት ጀምሮ እስከ ራስ ድረስ መቁጠር ግዴታ ስለነበር ነው። ዘሩን ያቆየው መሬቱ ነው። ቨርጂኒያም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ በቃል የተያዘው እዚህ በወረቀት መያዙ ነው።

አንደኛ፦ ከምታውቁት ተነሱ

ቀጥታ ወደ 1700ዎቹ መዝለል ያምራል። አትዝለሉ። ከወላጅ ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያላችሁ በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ወደ ኋላ ሂዱ። የምትፈልጉት ስም ብቻ አይደለም፤ ቦታም ነው። ካውንቲው፣ ማለትም በክፍለ ግዛቱ ሥር ያለው አስተዳደር፣ የቱ ነው? ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው?

ለጥቁር ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። ከነጻነት በኋላ ቤተሰቡ መሬት ገዝቶ እንደሆነ አጣሩ። የባለቤቴ ቅድመ አያት አባት በ1880ዎቹ ጥቂት ኤከር ገዝቶ ነበር። ውሉ ላይ ያ መሬት «ከእገሌ አሮጌ ርስት የተቆረሰ» ተብሎ ተጽፏል። ለእኔ በሩ የተከፈተው በዚች ግማሽ መስመር ነው። ነጻ የወጡ ብዙ ሰዎች ሩቅ አልሄዱም፤ ድሮ ሲሠሩበት ከነበረው መሬት አጠገብ ነው የገዙት። የእሱ ወገኖች በ1750 ምንም መሬት አልነበራቸውም፤ መሬቱ ግን ነበር። እኔም ያን መሬት ከገዢ ወደ ሻጭ፣ ከሻጭ ወደ አውራሽ እያልኩ ወደ ኋላ ተከተልኩት።

የቤተሰብ ስምን ግን ቶሎ አትመኑ። ነጻ የወጣ ሰው የመጨረሻ ጌታውን ስም ላይዝ ይችላል። የቀድሞውን ወይም ከናካቴው የማንንም ያልሆነ ስም የያዘ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፦ ካውንቲው ያኔ ማን ይባል ነበር?

አገር ቤት ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር፣ ክፍለ ሀገሩ ክልል ሲባል ያየ ሰው ይህን ክፍል ቶሎ ይረዳል። ሰውየው ሳይነቃነቅ አድራሻው ይቀየራል።

ዛሬ ሊስበርግ ያለችበትን አካባቢ ውሰዱ። እስከ 1731 ስታፎርድ ካውንቲ ነበር። በ1731 ፕሪንስ ዊሊያም ሆነ። በ1742 ፌርፋክስ ተባለ። በ1757 ደግሞ ላውደን ሆነ። አንድ ገበሬ በ1730 መሬት ገዝቶ በ1758 ቢሞት የአንድ እርሻ ወረቀት አራት መዝገብ ቤት ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ላውደን ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» ብትሉ ስህተቱ የእናንተ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የካውንቲውን አመሠራረት ፈልጉና ዓመቱን ከነስሙ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሌላው ጣጣ እሳት ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አንዳንድ ካውንቲዎች መዝገባቸውን ለጥንቃቄ ብለው ወደ ሪችመንድ ላኩ። ሪችመንድ በኤፕሪል 1865 ተቃጠለች፤ መዝገቡም አብሮ ነደደ። ሃኖቨርና ግሎስተር ከተጎዱት መካከል ናቸው። የበኪንግሃም ፍርድ ቤት ደግሞ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1869 ተቃጠለ። ካውንቲያችሁ የተቃጠለ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ የጎረቤት ካውንቲን እዩ። ድንበር ላይ ያለ ሰው በሁለቱም በኩል መሬት ይኖረዋል።

ሦስተኛ፦ መሬቱ ከማን መጣ?

በቅኝ ግዛት ቨርጂኒያ የመጀመሪያው የመሬት ወረቀት የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አብዛኛው አገር የንጉሡ ነው፤ ሰጪው በንጉሡ ስም ገዢው ነው። በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለው ሰሜናዊው ምድር ግን የሎርድ ፌርፋክስ ቤተሰብ ይዞታ ነበር። እዚያ ወረቀት የሚሰጠው የእነሱ ቢሮ ነው። ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ አናንዴል፣ ስፕሪንግፊልድ የምትኖሩ ሁሉ በዚያ ምድር ላይ ናችሁ። የሁለቱም መዝገብ ሪችመንድ ባለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በስም ይፈለጋል፤ ምስሉም በነጻ በኢንተርኔት ይታያል።

ከ1618 ጀምሮ አንድ ሰው የራሱንም ሆነ የሌላ ሰው የመርከብ ጉዞ ከከፈለ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር ይሰጠው ነበር። ወደ ግማሽ ጋሻ የሚጠጋ ነው። መሬት ለመቀበል የመጡትን ሰዎች ስም ማስመዝገብ ስለነበረበት ከሰነዱ ግርጌ የስም ዝርዝር ታገኛላችሁ። በዝርዝሩ ያለው ሰው በዚያው ዓመት መጥቷል ብላችሁ ግን አትደምድሙ። መብቱ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ሰውየው ከመጣ ዓመታት አልፎት ስሙ ሌላ ሰው መሬት ላይ ሊውል ይችላል።

አራተኛ፦ ውሉን እንደ ሙግት አንብቡ

ሽያጭን የሚመዘግበው የካውንቲው ፍርድ ቤት ነው። ሁለት ማውጫ አለው፤ አንዱ በሻጭ ስም፣ አንዱ በገዢ ስም። ሁለቱንም እዩ።

የ1700ዎቹን ውል ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚያደናግራችሁ እዚህ ጋ ነው። አንድ መሬት በተከታታይ ሁለት ቀን ሁለት ውል ይጻፍበታል። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ዓመት ተከራየ ይላል፤ ዋጋው 5 ሺሊንግ፣ ኪራዩ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ። እኔ ይህን አይቼ «አይ ድህነት!» ብዬ ነበር። ለካ በማግስቱ ያለው ውል ነው እውነተኛው ሽያጭ። የሁለት ቀኑ አካሄድ የእንግሊዝ ሕግ ያመጣው ብልሃት ነው። ትክክለኛው ዋጋ ሁለተኛው ላይ አለ።

ከዚያ ወደ ድንበሩ ሂዱ። የቅኝ ግዛቱ ቀያሽ እንዲህ ይጽፋል፦ ከወንዙ ዳር ካለው ነጭ ኦክ ዛፍ ተነስቶ፣ በእገሌ መሬት ጥግ አልፎ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 120 ፖል ሄዶ፣ ከቀይ ኦክ ደርሶ፣ ተመልሶ እመነሻው። ፖል ማለት 16 ጫማ ተኩል፣ በግምት 5 ሜትር ነው። ማዕዘኑንና ርዝመቱን ወረቀት ላይ በማስመሪያ ብታነሱት የመሬቱ ቅርጽ ይወጣል። የሦስት የአራት ጎረቤት ቅርጽ ስትስሉ እንደ ተቀደደ ደብዳቤ ይገጣጠማል። ለዚህ የተሠሩ ሶፍትዌሮች አሉ። እኔ የልጄን ፕሮትራክተር ነው የተጠቀምኩት።

አዋሳኞቹን አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ። በዚያ ዘመን ሰው የሚያገባው ጎረቤቱን ነው። ምስክር የሚጠራው ጎረቤቱን ነው። ሲሞት ንብረቱን የሚገምተው፣ ለወላጅ አልባ ልጁ ሞግዚት የሚሆነውም ጎረቤት ነው። የሚስት የአባት ስም ብዙ ጊዜ የትም አይጻፍም፤ የአባቷ መሬት ግን ከጎን አለ።

ከውሉ ኋላ አንድ አጭር አንቀጽ ፈልጉ። ባል መሬት ሲሸጥ ሚስት፣ እሱ ቢሞት ከሚደርሳት ድርሻ መልቀቋን ባሏ በሌለበት ለብቻዋ ተጠይቃ ታረጋግጣለች። የሷ ስም የሚገኘው እዚያ ነው። በ1750 ሜሪ፣ በ1760 ሣራ ከሆነች የመጀመሪያዋ ሞታለች ማለት ነው። የልጆቹንም እናት በዚህ ትለያላችሁ።

አምስተኛ፦ ገቢና ወጪ

መቼም ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን ነው የምላችሁ። ደብተር ውሰዱና ሁለት ዓምድ አስምሩ። በአንዱ ሰውየው መሬቱን እንዴት እንዳገኘ ጻፉ፤ በሌላው እንዴት ከእጁ እንደወጣ። ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ሁለቱም መሞላት አለባቸው።

ሲሸጥ እያያችሁ የገዛበት ውል ከጠፋ፣ ወርሶት ሊሆን ይችላል። ከማን? ወይም በሚስቱ በኩል መጥቶለት ይሆናል። የገዛበት አለ፣ የሸጠበት የለም? እንግዲያው ለሆነ ሰው አልፏል፤ ሃያ ሠላሳ ዓመት ወደ ፊት ሂዱና ያንኑ መሬት ማን እንደሸጠው እዩ። «አባትና ልጅ ናቸው» የሚል አንድ ወረቀት ሳታገኙ ዝምድናውን መሬቱ ራሱ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። እኛ ጋ ርስት ለወንዱም ለሴቱም ልጅ ይደርሳል። በቅኝ ግዛት ቨርጂኒያ ግን ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ መሬቱ በሙሉ የበኩር ወንድ ልጁ ነው። ሕጉ የተሻረው በ1785 ነው። በማሳቹሴትስ ደግሞ ሁሉም ልጆች ይካፈላሉ፤ የበኩሩ እጥፍ ያገኛል። ስለዚህ በቨርጂኒያ ኑዛዜ ውስጥ የበኩሩ ስም ከሌለ «አልነበረም» አትበሉ። ሕጉ ስለሰጠው አባቱ መጻፍ አላስፈለገው ይሆናል።

ስህተቴን ልንገራችሁ። በአንድ ካውንቲ፣ በአንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኢንተርኔት ላይ የሆነ ሰው የሠራውን የቤተሰብ ዛፍ አምኜ ሁለቱን አንድ አደረግኋቸው። ስምንት ወር የሰው ዘር ስቆጥር ከረምኩ። ያዳነኝ ፊርማቸው ነው። ሁለቱም መጻፍ አይችሉም፤ በምልክት ነው የሚፈርሙት። አንዱ መስቀል ያደርጋል፣ ሌላው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ገልብጦ ይጭራል። ጸሐፊው ውሉን ወደ መዝገቡ ሲገለብጥ ምልክቱንም አስመስሎ ይገለብጠዋል። ገቢና ወጪያቸውን ለየብቻ ስሠራ የአንደኛው ሚስትና መሬት ከሌላው ጋር ጨርሶ እንደማይገናኝ ገባኝ።

ስድስተኛ፦ ኑዛዜው ላይ አትቁሙ

ብዙ ሰው ኑዛዜውን አንብቦ መዝገቡን ይዘጋል። ኑዛዜ ሟቹ የፈለገው ነው። የሆነው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ወረቀቶች ነው ያለው። የአስፈጻሚው ዋስትና አለ፤ ዋሶቹ ብዙ ጊዜ ዘመድ ናቸው። የንብረት ቆጠራ አለ። የሐራጅ ሽያጭ ዝርዝር አለ፤ የገዙት ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይጻፋል። የዕዳና የወጪ ሒሳብ አለ። ክፍፍል አለ፤ ያገቡ ሴቶች ልጆች ከነባላቸው ስም የሚወጡት እዚህ ነው። ሳይናዘዝ የሞተም ሰው ቢሆን እነዚህ አብዛኞቹ ይኖሩታል።

ወራሾች ከተጣሉ ደግሞ እሰየው። ነገሩ ክፉ ነው፤ ለእናንተ ግን ሲሳይ ነው። የውርስ ክርክር በሚታይበት የቻንስሪ ችሎት ከሳሽ ወራሹን ሁሉ ከነዝምድናው መዘርዘር አለበት። የእነዚህ ክሶች ማውጫ በቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ አለ፤ የብዙ ካውንቲዎች ሙሉ ፋይል በምስል ይነበባል። እናቴ ይህን ስነግራት «ድሮስ ዘር የሚታወቅ ሲካሰሱ ነው» አለችኝ።

ቃላቱ ላይ ጥንቃቄ ይግባችሁ። እኛ የአክስትን ልጅ «ወንድሜ» እንደምንለው እነሱም የራሳቸው አባባል አላቸው። በዚያ ዘመን «ከዝን» የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል። «ሰን ኢን ሎው» የእንጀራ ልጅ ሊሆን ይችላል። «ኢንፋንት» ሕፃን ማለት ሳይሆን 21 ዓመት ያልሞላው ነው። «ኦርፋን» የተባለ ልጅ አባቱ ሞቶ እናቱ ግን በሕይወት ያለች ሊሆን ይችላል። «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» የግድ አባትና ልጅ አይደሉም፤ አንድ ሰፈር ያሉ ትልቁና ትንሹ ሊሆኑ ይችላሉ። «ለልጄ አንድ ሺሊንግ» ማለትም ሁልጊዜ ቂም አይደለም። ድርሻውን ቀድሞ የወሰደ ልጅ ብዙ ነው።

ሰባተኛ፦ በባርነት የነበሩትን መፈለግ

ይህን ክፍል የማነበው ቀስ ብዬ ነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

የንብረት ቆጠራ ወረቀት ላይ ጎረቤቶቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጽፋሉ። የላባ ፍራሽ፣ የብረት ድስት፣ የእህል ወፍጮ፣ ላም ከነጥጃዋ። ከዚያ ያለ ምንም መሸጋገሪያ የሰው ስም ይጀምራል። ስም፣ ከጎኑ በፓውንድና በሺሊንግ ዋጋ። የልጅ ስም። የአዛውንት ስም፣ ዋጋው ዜሮ። እኛም አገር ሰው እንደ ዕቃ አልተወረሰም ብዬ አልዋሽም፤ ግን ያን ገጽ በባለቤቴ አጠገብ ሆኜ ሳነበው አንጀቴ ነው የተላወሰው። እሱ ዝም ብሎ ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ ያነብ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ሁለት ሕጎችን እወቁ። በ1662 ቨርጂኒያ ልጅ የእናቱን ሁኔታ እንዲከተል ደነገገች፤ እናት ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ ነው። ስለዚህ ፍለጋችሁ በእናት በኩል ይሁን። «ወደፊት ከምትወልዳቸው ጋር» የሚል ቃል ኑዛዜና ውል ውስጥ ስታዩ ልጆቹ የት እንደሄዱ እየተነገራችሁ ነው። በ1705 ደግሞ በባርነት ያሉ ሰዎች በሕግ እንደ መሬት ተቆጠሩ፤ ይህ እስከ 1792 ቆየ። ስማቸውን በኑዛዜ ብቻ ሳይሆን በመሬት ውል መዝገብም ፈልጉ።

ከአንድ ቆጠራ ወደ ሌላው ስሞቹን አመሳክሩ። አባት ሲሞት የተቆጠሩት፣ ለልጆች ሲከፋፈሉ፣ ልጁ ሲሞት ደግሞ ሲቆጠሩ። ስምና የዕድሜ ቅደም ተከተል ሲገጥም ቤተሰቡ እየታየ ይሄዳል። ጌታው ሴት ልጁን ሲድር አብሯት የሄደ ሰው ይኖራልና የአማቹን መዝገብም ክፈቱ።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ የሚታየው በጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ነው። ዋሽንግተን ማርታን ሲያገባ መበለት ነበረች። የፊተኛው ባሏ ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ በ1757 ሳይናዘዝ ሞቷል። ስለዚህ በሕጉ መሠረት የንብረቱ ሲሶ ለእሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ከስቲስ ወራሾች ይመለሳል። ሰዎቹም ጭምር። በ1799 ዋሽንግተን በእርሻ ርስቱ በማውንት ቨርነን ያሉትን ሲዘረዝር 317 ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ 123ቱ የእሱ፣ 153ቱ የከስቲስ ናቸው። የተቀሩት በአብዛኛው ከሌላ ሰው በኪራይ የመጡ ነበሩ።

እዚያ ዝርዝር ውስጥ ፍራንክ ሊ የሚባል የቤት አስተናጋጅ አለ። እሱንና ወንድሙን ዊሊያምን ዋሽንግተን የገዛቸው በ1760ዎቹ መጨረሻ ከኮሎኔል ጆን ሊ ውርስ ነው፤ «ሊ» የሚለው ስም ወደ ፊተኛው ጌታ መዝገብ ይመራል። የፍራንክ ሚስት ሉሲ፣ የወጥ ቤቷ ዶል ልጅ፣ ከከስቲስ ወገን ናት። ዋሽንግተን በኑዛዜው የራሱን ሰዎች ነጻ አወጣ። ፍራንክም ነጻ ወጣ። ሉሲና ልጆቿ ግን አልወጡም፤ ልጅ እናቱን ይከተላል፣ እናታቸው ደግሞ የከስቲስ ናት። አንድ ሰው በ1757 ሳይናዘዝ በመሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ ቤተሰብ በሁለት ወረቀት ተከፈለ። የከስቲስን ውርስ የማያውቅ ሰው ይህን ቤተሰብ አንድ አድርጎ ማየት አይችልም።

የዋሽንግተንና የማርታ ኑዛዜ ዛሬም ፌርፋክስ ነው የሚጠበቀው። የማርታው በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከፍርድ ቤቱ ተወስዶ ባለጸጋው ጄ. ፒ. ሞርጋን እጅ ገብቶ ነበር፤ የተመለሰው ቨርጂኒያ ከከሰሰች በኋላ ነው።

ከነጻነት በኋላ ላለው ጊዜ የፍሪድመንስ ቢሮ፣ ማለትም ነጻ የወጡትን ይረዳ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ አለ። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍትም የጥቁሮችን ሰነድ ብቻ ሰብስቦ «ቨርጂኒያ አንቶልድ» በሚል ስም አውጥቷል። ሁለቱንም ሳታዩ አትለፉ።

ስምንተኛ፦ ቀኑና ጽሕፈቱ

እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዞች ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ፌብሩዋሪ 1731 ብለው የጻፉት በዛሬው የፈረንጅ አቆጣጠር 1732 ነው። ለዚህ ነው «1731/2» የሚል ነገር የምታዩት። በ1752 አቆጣጠሩ ሲስተካከል ሴፕቴምበር 2 ተኝተው ሴፕቴምበር 14 ነቁ። አሜሪካኖቹ ይህን ሲያስረዱ ላብ በላብ ይሆናሉ። ሁለት ዘመን አቆጣጠር በጭንቅላቱ ይዞ ላደገ ሐበሻ ቀላል ነው።

ጽሕፈቱ ግን ዓይን ያፈዝዛል። ረጅሙ «ኤስ» «ኤፍ» ይመስላል። «ጄ፣ ኤን፣ ኦ» ተብሎ ያጠረው ጆናታን ሳይሆን ጆን ነው። የስም አጻጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያልና በድምፅ አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል ዝለሉት፤ ሦስት ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ስትመለሱ ይፈታል።

ዘጠነኛ፦ የት ተቀምጠን?

ከቤት ጀምሩ። ፋሚሊሰርች የሚባለው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ ነጻ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። ከ2024 ጀምሮ የእጅ ጽሕፈትን ኮምፒውተር አንብቦ በውስጡ ያለውን ቃል ሁሉ የሚፈልግበት አገልግሎት አለው። የተጀመረውም በአሜሪካ የመሬትና የውርስ መዝገብ ነው። ማውጫ ውስጥ የማይገባ ምስክር፣ አዋሳኝ፣ በባርነት የነበረ ሰው ስም ሁሉ ይወጣል። የጌታውን የቤተሰብ ስምና የምትፈልጉትን የመጀመሪያ ስም አንድ ላይ ጻፉ። ኮምፒውተሩ ይሳሳታል፤ ምስሉን ራሱን ሳታዩ አትቀበሉ። አንዳንድ ምስል ከቤት አይከፈትም፤ ያኔ ወደ ማዕከላቸው ወይም አብሯቸው ወደሚሠራ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ነው።

የፌርፋክስን ከ1742 ጀምሮ ያለውን መዝገብ ፌርፋክስ ፍርድ ቤት የታሪክ መዛግብት ክፍል ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሜሪላንድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እስከ 1777 ድረስ የቅኝ ግዛቱን ሁሉ ውርስ የሚያየው አንድ ማዕከላዊ ችሎት ስለነበር መዝገቡ አናፖሊስ ባለው ቤተ መዛግብት አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የተቆረሰው በ1776 ከፍሬድሪክ ነው፤ ፍሬድሪክ ራሱ በ1748 ከፕሪንስ ጆርጅስ። ሜሪላንድ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ መሬት ስም አለው። ሰው ቢጠፋም የመሬቱ ስም ከውል ወደ ውል ይሄዳል።

የእኛ ፍለጋ በ1770ዎቹ መጀመሪያ በተጻፈ አንድ የንብረት ቆጠራ ላይ ደርሷል። የቅድመ አያቱ አባት በኋላ ከገዛት ቁራሽ ጋር አንድ በነበረው ርስት ላይ የተጻፈ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ በባለቤቴ ቤተሰብ በየትውልዱ የሚደጋገም የሴት ስም አለ፤ አብራት ሕፃን ተቆጥራለች። ማስረጃ ነው አልልም። መሃል ላይ ገና ያልሞላሁት የሠላሳ ዓመት ክፍተት አለ፤ አሁን የጌታውን ሴት ልጆች ትዳር እየተከታተልኩ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጄ ይህን ሁሉ ለአያቷ በስልክ ተረጎመችላት። የመሬቱን ድንበርም አነበበችላት፤ ወንዙን፣ ነጩን ኦክ፣ ፖሉን። እናቴ እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰማች። ከዚያ «በምዕራብ በኩል ማን ነው የሚያዋስነው? አልነገርሽኝም» አለቻት።

ልጄ ወረቀቱን ገለጠች። እውነትም አንድ መስመር ዘላ ነበር።